ሃምሳ ልጅ፣ አንድ በአንድ

ልጁ ገጹን ሙሉውን አነበበው። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ አንድም ቃል አልዘለለም፤ ነጠላ ሰረዙ ጋ ሲደርስ ትንፋሹን እንኳ ሰብሰብ አደረገ። ጣቱና አፉ ግን አልተገናኙም። አፉ ሦስተኛው መስመር ላይ ሲሮጥ ጣቱ ገና የመጀመሪያውን ትዳስሳለች። መምህርቷ "ጎበዝ" አለችው። ቀጥላም በመዳፏ የገጹን የላይኛውን ግማሽ ሸፈነችና ከታች ካሉት ቃላት አንዱን አሳይታ፣ "እስቲ ይቺን ብቻ አንብብልኝ" አለች። ልጁ ቃሉን አየ፤ እሷን አየ፤ ከዚያም ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ምንባቡን ከመጀመሪያው ይወርደው ጀመር፤ ሲወርድ ሲወርድ የተጠየቀው ቃል ጋ ይደርስ እንደሆነ።

ቦታው አዲስ አበባ፣ ጉለሌ፣ ጳውሎስ ሰፈር ነው፤ ከጳውሎስ ሆስፒታል አጥር ብዙም በማይርቅ አንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት። አንደኛ ክፍል ናቸው፤ ሃምሳ ይጠጋሉ። ለሁለት በተሠራው ዴስክ ላይ ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። በመስኮቱ የአምቡላንስ ጩኸትና የታክሲ ረዳቶች "ዊንጌት፣ አስኮ፣ አስኮ!" ጥሪ ተቀላቅሎ ይገባል።

ሃምሳ ልጅ በአንድ ድምፅ ሲያነብ ያምራል። ርዕሰ መምህሩ በበሩ ሲያልፍ ደስ ይለዋል፤ ሱፐርቫይዘር ቢመጣም እንዲሁ። የዚያን ዝማሬ ውስጡን ያዳመጠ ሰው ግን አሠራሩን ያውቀዋል። ከፊት የተቀመጡ አራት አምስት ልጆች ያነባሉ። መካከል ያሉት በእነሱ ድምፅ ላይ ግማሽ ፊደል ዘግይተው ይንጠላጠላሉ። የኋላዎቹ የቃሉን ማለቂያ ብቻ ይቀበላሉ። ሰሌዳው ጎን ለቆመችው መምህርት የሚደርሳት ግን አንድ የሰመረ ድምፅ ነው። በቃሉ የያዘውም፣ የሚያነበውም፣ አፉን ብቻ የሚያንቀሳቅሰውም እዚያ ውስጥ እኩል ናቸው።

በ2002 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ይህ ዝማሬ በአገር ደረጃ ተበትኖ ታየ። በስምንት ክልሎችና ከተሞች ከ13 ሺህ በላይ የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች ከጓደኞቻቸው ተነጥለው፣ አንድ በአንድ ፈታኝ ፊት ተቀመጡ። ፈተናው ከባድ አልነበረም፤ ፊደል ያለበት ወረቀት፣ ቃላት ያሉበት ወረቀት፣ አጭር ታሪክ፣ 60 ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት። ከሁለተኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው ከታሪኩ አንድም ቃል ማንበብ አቃታቸው። አዲስ አበባ ከሌሎቹ ተሽላ ተገኝታለች፤ ቢሆንም ምንም ያላነበቡ ልጆች በእርሷም ነበሩ። እነዚህ ከትምህርት ገበታ የራቁ ልጆች አልነበሩም። ሁለት ዓመት ሙሉ በሰልፍ ገብተው በሰልፍ ወጥተዋል። እስከ ሦስተኛ ክፍል ድረስ ተማሪ ሳይደግም በተከታታይ ምዘና እንዲያልፍ በሚያደርገው አሠራር ከክፍል ወደ ክፍልም ተሻግረዋል። ብቻቸውን እንዲያነቡ የጠየቃቸው ሰው ግን ብዙም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሥራ ብዙ ነው። በሰባት ቋንቋዎች የአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻሕፍት እንደ አዲስ ተጻፉ፤ መምህራን ሠለጠኑ፤ የመምህሩ መምሪያም ትምህርቱን በሦስት ተራ ከፈለው፦ መጀመሪያ እኔ ልሥራ፣ ቀጥሎ አብረን እንሥራ፣ በመጨረሻ እናንተ ሥሩ። ገንዘቡ በአብዛኛው የአሜሪካው ዩኤስኤድ ነበር። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2025 ተዘግቷል። በመሃሉም ሥርዓተ ትምህርቱ ተቀይሯል፤ መጻሕፍቱም ተለዋውጠዋል። ከዚያ ሁሉ በየክፍሉ ሊተርፍ የሚችለው ነገር በእኔ ግምት አንድ ነው፤ የቀኑ ቅደም ተከተል። መጽሐፍ ሲያረጅ ይቀየራል፤ ፕሮጀክት ሲያልቅ ይዘጋል፤ አንዲት መምህርት ጠዋት ጠዋት የምታደርገውን ነገር ግን ማንም መጥቶ አይወስድባትም።

የጳውሎሷ መምህርት ንባብን የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ያደረገችው አስባበት ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆች ቁርስና ምሳ በግቢያቸው ይበላሉ። ከዚያ በፊት አራት ሰዓት ሲቃረብ ዴስክ ላይ የሚደፋ ልጅ በየክፍሉ ይታይ እንደነበር የአካባቢው መምህራን አይረሱትም። ዛሬ ልጁ ቁርሱን በልቶ፣ ባንዲራ ሰቅሎ፣ መዝሙሩን ዘምሮ ይገባል። በቀኑ ውስጥ ከዚያ የተሻለ ሰዓት የለም። ታዲያ ያን ሰዓት ለስም መጥሪያና ለደብተር መሰብሰቢያ ማዋል ትልቅ ብክነት ነው። እሷ ስም የምትጠራው እነሱ ሲጽፉ ነው።

መጀመሪያ መጽሐፍ አይከፈትም። የጆሮ ሥራ ነው፤ አምስት ደቂቃ ቢሞላ ነው። "ዳቦ" ትላለች፤ ልጆቹ ሁለት ጊዜ ያጨበጭባሉ፤ ዳ፣ ቦ። "ላም፣ ላባ፣ በግ" ትላለች፤ በድምፁ ከወንድሞቹ የተለየውን ይለያሉ። ከዚያ ቃሉን ቆራርጣ ትሰጣቸዋለች፤ "ማ… ር"፤ እነሱ ይገጥሙታል። ለጎብኚ ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን "ዳቦ" ሁለት ድምፅ መሆኑን ጆሮው ያልለየ ልጅ፣ ዳ እና ቦ የሚባሉ ሁለት ምልክቶች ለምን እንደሚያስፈልጉት ሊገባው አይችልም።

ቀጥሎ ፊደል ነው። ከካርቶን የተቆራረጡ ካርዶች አሏት፤ አንድ ፊደል በአንድ ካርድ። ባለፉት ቀናት የተማሯቸውን አሥር ያህል ካርዶች በዛሬዎቹ ሁለት ትበርዛለች፤ እንደ ካርታ ትበውዛለች፤ ታወጣለች። በተራቸው አታወጣቸውም። ይህ ለብዙ ወላጅ አይዋጥም፤ ፊደል ከሀ ነው የሚጀመረው ይላሉ። ሀ ሁ ሂ በዜማ በዚህ ክፍልም ይባላል፤ እየተባለም ይኖራል። ጥያቄው የሚነሣው ዜማው የማስተማሪያ ተራ ሲሆን ነው። ከመጀመሪያው ተራ ሰባት ፊደላት "ሆሆ" ከማለት በቀር ይህ ነው የሚባል ቃል አይወጣም። ላ፣ ም፣ በ፣ ማ፣ ታ፣ ቤ፣ ት ግን እነሱም ሰባት ናቸው፤ ላም፣ በላ፣ ማታ፣ ቤት ይሆናሉ። ልጁ በሁለተኛው ሳምንት ያነባል ማለት ነው፤ ያነበበውንም ያውቀዋል፤ ቤት ውስጥ ነውና የሚኖረው።

ነገሩን እዚሁ ሰፈር ላይ እናስላው። ጰ በፊደል ገበታ ላይ 29ኛ ናት። በየሳምንቱ አንድ ተራ እየተማረ የሚሄድ ልጅ የሰፈሩን ስም ለማንበብ እስከ ሚያዝያ መጠበቅ አለበት። ጳውሎስ የሚለው ታፔላ በየታክሲው አናት ላይ ተለጥፎ በፊቱ ሲመላለስ፣ በሆስፒታሉ በር ላይም ተጽፎ ሳለ። ክፍለ ከተማውም አያድንም፤ የጉለሌዋ ገ 26ኛ ናት። ይህች መምህርት ጳን በጥቅምት ታስተምራለች። ጰ በአማርኛ ብዙ ቃል የላትም፤ በድግግሞሽ ቢሄድ መጨረሻ ላይ ትቀመጥ ነበር። እዚህ ሰፈር ግን ልጁ ከግቢ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያያት እሷን ነው፤ ያየውንም ማንበብ ሲችል ቀሪውን መጠየቅ ይጀምራል።

ፊደላችን ለልጅ ቸርም ጨካኝም ነው። ቸርነቱ የተጻፈው መነበቡ ነው፤ በላ ተብሎ ተጽፎ ሌላ የሚባል ነገር የለም። ጭካኔው ብዛቱ ነው። ሠላሳ ሦስቱ ተራዎች በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ። ህፃን ልጅ 231 ሥዕል አንድ በአንድ ይሸምድድ ማለት አይቻልም። ስለዚህ መምህርቷ ምልክቱን ታሳያቸዋለች። ሉ፣ ሙ፣ ቡ ላይ ወገቡ አጠገብ የምትወጣውን ጭረት፤ ሊ፣ ሚ፣ ቢ ላይ እግሩ ሥር የምትዘረጋውን፤ ሌ፣ ሜ፣ ቤ ላይ ቀለበቷን። ሩና ፉ ያፈነግጣሉ፤ ያፈነገጡ መሆናቸውን ራሳቸው ልጆቹ ሲያገኙት ይስቃሉ። ሳድስ ላይ ሳቁ ያልቃል። ላም ሲሉ "ላምእ" የሚል ልጅ አይጠፋም፤ ም ብቻዋን ስትጠራ እንደዚያ ነውና። "አፍህን ግጠም፤ ላምምም" ትለዋለች። ምግብ፣ ብር፣ ክንድ የመሳሰሉ በሳድስ ላይ ሳድስ የተደረደረባቸው ቃላት ሳምንታት ይፈጃሉ፤ ለእነሱ መቸኮል ትርፍ የለውም።

ከዚያ ደግሞ ፊደሉ የማይጽፈው መጥበቅና መላላት አለ። "አባባ ገና አልመጣም" እና "ገና ደረሰ" ላይ ያለው ገና በወረቀት አንድ ነው። ልጁ መጀመሪያ በአንዱ ይጠራዋል፤ ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ትርጉሙ ይጎረብጠዋል፤ ተመልሶ ያስተካክለዋል። ያልተመለሰ ልጅ ፊደል ለይቷል፤ ያነበበውን ግን አልሰማም። መምህርቷ እንዲህ ያሉ ቃላትን ሆን ብላ በዓረፍተ ነገር ውስጥ ትጥላቸዋለች፤ ማን እንደሚመለስ ለማየት።

በዓለም ላይ ስለ ንባብ አጀማመር የተጻፈው ብዙው በእንግሊዝኛ ነው። አሜሪካኖች ልጅ ሙሉ ቃል ይልመድ ወይስ ፊደልና ድምፅ እያገናኘ ይሂድ በሚለው ለአሥርት ዓመታት ተጨቃጭቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 አንድ ብሔራዊ ጉባዔያቸው ድምፅን መለየት፣ ፊደልና ድምፅ ማገናኘት፣ አቀላጥፎ ማንበብ፣ ቃላትና አንብቦ መረዳት ብሎ አምስት ምሰሶዎች አቆመ። እንግሊዝም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የአምስትና የስድስት ዓመት ልጆችን ቃል በቃል ታስነብባለች። ይህ ሁሉ እኛንም ይጠቅማል፤ ጭቅጭቁ ግን የእኛ አይደለም። የእነሱ ችግር የተጻፈው እንደተጻፈው አለመነበቡ ነው። የእኛን የሚመስል ፊደል ያላቸው ሕንዶች ናቸው። ሶናሊ ናግ የተባለች ተመራማሪ በደቡብ ሕንድ በካነዳ ቋንቋ የሚማሩ ልጆችን አጥንታ ያገኘችው፣ ፊደሉን ጠቅልሎ ማወቅ አንደኛ ክፍል ላይ የሚያልቅ ሳይሆን ዓመታት የሚወስድ መሆኑን ነው። "እስከ ጥር ፊደል እንጨርሳለን" የሚል ዕቅድ ሲቀርብልኝ ይህ ጥናት ትዝ ይለኛል።

ወደ ክፍሉ እንመለስ፤ የሥርዓቱ ልብ ገና አልተነካም። ሃያ ደቂቃ ገደማ ሲያልፍ መጽሐፍ ይከፈታል፤ ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተራ በተራ ያነባሉ፤ አንዱ ሲያነብ ሌላው በጣቱ ይከተላል። ክፍሉ ይንጫጫል። መምህርቷ ይህን ጊዜ ትንሽ ወንበሯን ግድግዳው ጥግ ታደርግና ትጠራለች። "ነይ እሙዬ።" ልጅቷ ትመጣለች፤ ጎኗ ትቆማለች፤ አንድ ደቂቃ ታነባለች። "ጎበዝ፣ ሂጂ። አንተ ና።" በቀን አሥር። ሃምሳ ልጅ በአምስት ቀን ሲካፈል አሥር ይደርሳል፤ ሒሳቡ ይኸው ነው። በሳምንት ውስጥ ድምፁ ለብቻው ሳይሰማ የሚቀር ልጅ የለም። በባለ መስመር ደብተር ላይ ከስማቸው ትይዩ ላነበበ ጭረት፣ ለተደናቀፈ ነጥብ፣ ላልቻለ ክብ ይደረጋል፤ የጠፋችው ፊደልም አጠገቡ ትጻፋለች። ሦስት ሳምንት ክብ የተደረገለት ልጅ ከኋላ ዴስክ ወደ ፊት ይመጣል፤ ከሰዓት በኋላ ለማጠናከሪያ ይቀራል። መግቢያ ላይ ያየነው ባለ ጥርት ድምፅ ልጅ የተያዘው በዚህ ደብተር ነው። በዝማሬው ቢሆን እስከ ሦስተኛ ክፍል ከመሪዎቹ እንደ አንዱ እየተቆጠረ ይሄድ ነበር።

የዚህ አሠራር ትልቁ ጠላት ስንፍና አይደለም፤ ጫጫታውን የሚፈራ ሰው ነው። ሃያ አምስት ጥንድ በየራሱ ሲያነብ ለውጭ ሰው ሁከት ይመስላል። ጸጥ ያለ ክፍል ጥሩ ክፍል ነው ብሎ የሚያምን ርዕሰ መምህር አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ "ምን ሆነው ነው?" ካለ፣ አዲስ መምህርት በማግስቱ ወደ ዝማሬው ትመለሳለች። ሥልጠና ለመምህራን ብቻ መሰጠት የለበትም ብዬ የማምነው ለዚህ ነው።

ልጅን ለብቻ መስማት ከውጭ የመጣ ነው የሚል ሰው የኔታን ረስቷቸዋል። የቄስ ትምህርት ቤት ሲነሣ ሁላችንም የሚታወሰን ጩኸቱ ነው። ተጠግቶ ላየው ግን ያ ጩኸት የአንድ መዝሙር አልነበረም። አንዱ ፊደል ይቆጥራል፤ ጎኑ ያለው አቡጊዳ ላይ ነው፤ ሌላው መልእክተ ዮሐንስን ይዟል፤ ትልልቆቹ ዳዊት ደርሰዋል። እያንዳንዱ በየራሱ ገጽ ላይ ይጮኻል። ታላቁ ታናሹን ስንደዶ አስይዞ ያስቆጥረዋል፤ በመጨረሻ ሁሉም የኔታ ፊት ለብቻው ይቀርባል። ንባቡም በአንድ ጊዜ አይዘለልም፤ መጀመሪያ ፊደል ፊደሉን መቁጠር፣ ቀጥሎ ግዕዝ፣ ውርድ፣ በመጨረሻ ቁም ንባብ። ዛሬ አቀላጥፎ ማንበብ የምንለው ያን መጨረሻውን ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ አቡጊዳ ነው። ሀሁን በዜማ የወጣ ልጅ እውነት ፊደሉን ለይቶ እንደሆነ የሚታወቀው ተራው ሲፈርስ ነው፤ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ እያለ ገበታው በሰያፍ ይሄድበታል። ሀ ሁ ሂ ያስለመደው ዜማ እዚያ አያገለግልም፤ ዓይን ብቻ ነው የሚያገለግለው። የካርቶን ካርዶቹ የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ያሳተሙት የፊደል ገበታ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል አቡጊዳውም አብሮ ተሰቅሏል፤ ዘመናዊው ክፍል ግን ዜማውን ወስዶ መፈተሻውን ተወው። የኔታን እያሞካሸሁ ዱላቸውን የረሳሁ እንዳይመስል፤ ልጁም በግዕዝ ዳዊትን ሲደግም ትርጉሙን የሚነግረው አልነበረም። ለእነዚህ ሁለቱ አዲሱ ክፍል ይበልጣል።

የጳውሎስ ልጆች ሁሉም ከዚህ ክፍል አይደሉም። ከፍሎ የሚያስተምር ወላጅ ልጁን በሦስት ዓመቱ ኬጂ ይሰደዋል። እዚያ መጀመሪያ የሚያየው "ኤ ፎር አፕል" ነው፤ አፕልን በዓይኑ ሳያይ። አንደኛ ክፍል ሲደርስ የእንግሊዝኛ ፊደላትን ስም ይዘረዝራል፣ በአማርኛ ግን "ቤት" ላይ ይንተባተባል። ወላጁ በዚህ አያዝንም፤ አንዳንዱ ይኮራበታል። ለንባብ ግን ልጅ ማንኛውንም ጽሑፍ መፍታት የሚማረው በሚያውቀው ቋንቋ ነው፤ አንድ ጊዜ ከገባው በሌላው ፊደል መድገም ይቀለዋል። ቤቱ ኦሮምኛ ለሚነገርበት ልጅ በቁቤ መጀመር ይቀናል፤ በከተማዋ በኦሮምኛ የሚያስተምሩ ክፍሎች መኖራቸውም ተገቢ ነው። ከሁለቱም ያልሆነውን ማስቀደም ግን ልጁን ሁለት ጊዜ ማድከም ነው።

የሚነበብ ነገር ማጣት ሌላው ጣጣ ነው። ከመማሪያ መጽሐፉ ውጭ አንድ የታተመ ገጽ የሌለበት ቤት ብዙ ነው። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ከአሜሪካ ተመልሶ በ1995 ዓ.ም. ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሲከፍት፣ በኋላም በአዋሳ አህያ የሚጎትተው ቤተ መጻሕፍት ሲያስነሣ የታየው ይኸው እጦት ነበር። ብሩክታዊት ጥጋቡም አስተማሪ ሆና ያየችውን ጉድለት ይዛ ነው "ፀሐይ መማር ትወዳለች" የተባለችውን ቀጭኔ ለቴሌቪዥን የሠራችው። ለጳውሎሷ ክፍል የደረሰው መፍትሔ ከዚህ ሁሉ ያነሰ ነው። በሳምንቱ መጨረሻ እያንዳንዱ ልጅ ከመንገድ ያነበበውን አንድ ቃል ጽፎ ይመጣል። ሰኞ ሰሌዳው በመድኃኒት ቤት፣ በዳቦ ቤት፣ በሩፋኤል፣ በ"ማጨስ ክልክል ነው" ይሞላል። አንዱ ልጅ "ይህ ቤት አይሸጥም" የሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይዞ መጥቷል።

ቤት ውስጥ የሚሰማ ሰው ማግኘትም ይቻላል። የአንዱ ልጅ አያት በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ያወጣቸው ናቸው፤ በቀበሌ አዳራሽ ማታ ማታ ተምረው የምስክር ወረቀት ይዘዋል። መምህርቷ ስትጠራቸው ምንም እንዲያስተምሩ አልጠየቀቻቸውም። "እማማ፣ ማታ አምስት ደቂቃ ያንብብልዎት፣ እርስዎ ይስሙት ብቻ" አለቻቸው። "ከተሳሳተስ?" አሉ። "ይቆዩት፤ ራሱ ይመለሳል።"

ይህ ሁሉ ከዓመቱ ካርድ ላይ አይታይም። ካርዱ አማርኛ ከመቶ ስንት፣ አማካይ ስንት፣ ደረጃ ስንት ይላል፤ ልጁ ያነባል ወይስ አያነብም የሚል ሳጥን የለውም። ባለ ጭረትና ባለ ክቡ ደብተርም የመምህርቷ የግሏ ነው፤ ሁለተኛ ክፍል ለሚረከበው መምህር የሚተላለፍበት አሠራር የለም፤ እሷ በገዛ ፈቃዷ ካልሰጠችው። ስለዚህ ሰኔ 30 ወላጆች ሲመጡ ካርዱን ከመስጠቷ በፊት ልጁ ያላየውን አንድ ገጽ ታወጣና በወላጁ ፊት ታስነብበዋለች። እማማም ተራቸው ደርሶ የልጅ ልጃቸው "ገና" ላይ ተሳስቶ፣ ተመልሶ፣ አስተካክሎ ሲያነብ እስከ መጨረሻው አዳመጡት። ሲጨርስ ወደ መምህርቷ ዞረው፣ "በይ እሺ፣ ስንተኛ ወጣ?" አሉ።